ገና ያልተወለደ ጥጃ በአካል እንዲቀርብ ላዘዙት ኃላፊ

ለተከበሩ የእንስሳት ጤና ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የደም ግፊትዎ የተስተካከለ፣ አዲሱ ተዟዟሪ የቢሮ ወንበርዎም ለወገብዎ የተመቸ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ታላቅ እህቴና የተረፉልን ከብቶች ሁሉ ደህና ነን። «የተረፉልን» የምትለዋ ቃል ሳይታሰብ የገባች አይደለችም፤ ምክንያቷን ቆየት ብላ ራሷ ትናገራለች።

ክቡርነትዎ እኔን በስም ባያውቁኝም በመልክ አይስቱኝም፤ በዚህ ዓመት ብቻ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ በርዎ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ፣ ሲገቡም ሲወጡም ብድግ ብያለሁ። በሙያዬ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ የጽሕፈት መኪናዬን ደቅኜ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ኖርኩና፣ ዓይኔ ሲደክም ከእህቴ ጋር ላም ማርባት ጀመርኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ለባለሥልጣን የምስጋና ደብዳቤ ጻፍልኝ ብሎ የመጣ ሰው አንድም አላጋጠመኝም። ስለዚህ ይህ የመጀመሪያዬ ነውና የአጻጻፍ ጉድለት ቢገኝበት በልምድ ማነስ ይታለፍልኝ። ምስጋናዬ ብዙ በመሆኑም እንዳይደባለቅብዎ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩. የመጀመሪያው ምስጋናዬ ስለ ጥንቃቄዎ ነው። ባለፈው ዓመት ስድስቱ ላሞቻችን ተከታትለው ስድስት ጥጆች ወለዱልን፤ ከስድስቱ አራቱ ሳምንት ሳይሞላቸው በተቅማጥ ሞቱ። የክቡርነትዎ ሥራ በወረቀቱ በኩል ስለሆነ ምናልባት አላዩ ይሆናልና፣ እንዴት እንደሚሞቱ በአጭሩ ልግለጽልዎ። ጠዋት የእናቱን ጡት በግንባሩ ሲጎሽም ያዩት ጥጃ ከቀትር በኋላ ጥግ ይዞ ይተኛል። ሰገራው እንደ ውሃ ይቀጥናል፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ጆሮው ይቀዘቅዛል፣ ጣትዎን አፉ ውስጥ ሲያስገቡለት መጥባት ረስቶ ዝም ይላል። እህቴ ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ለብ ያለ ውሃ በጡጦ እያጠጣች አራቱንም ተራ በተራ አስታመመች። አራተኛው ራሱን ጭኗ ላይ እንዳደረገ ሲሞት ተነሥታ ጡጦውን አጠበች፣ ደፍታ አስቀመጠችው፣ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ከሰው አልተነጋገረችም። ላሟ በረት ውስጥ ጥጃዋን እየጠራች እምቧ ስትል ብቻ ብቅ ብላ «እሺ፣ ሰምቼሻለሁ» ትላትና ትመለሳለች። በአራተኛው ቀን እኔን አየችና «አንተ ጸሐፊ አይደለህ እንዴ? ታዲያ ለምን አትጽፍም?» አለችኝ።

እኔም ጻፍኩ። ጽሕፈት ቤትዎም በአራት ወር ከአሥር ቀን ጊዜ ውስጥ ብቻ፣ የሞቱት እንስሳት የጆሮ ቁጥር በማመልከቻው ላይ ስላልተጠቀሰ መሞታቸውን ለማረጋገጥ እንደሚቸገር በማህተም አስደግፎ መለሰልን። የጆሮ ቁጥር ለጥጃ የሚሰጠው በተወለደ በሠላሳኛው ቀን መሆኑን፣ የእኛ ጥጆች ደግሞ ከአምስተኛው ቀን ያለፈ ዕድሜ እንዳልነበራቸው ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ስለዚህ እንደ መዝገብዎ ከሆነ አራቱ አልሞቱም፤ እንዲያውም አልተወለዱም። ይህን ለእህቴ ሳነብላት ለመጽናናት ሞክራለች።

፪. ሁለተኛ፣ ሳያስቡትም ቢሆን ባለሙያ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። የክትባት ባለሙያዋ በሞተር ብስክሌት፣ የበረዶ ሳጥኗን ከኋላዋ አስራ ወደ ግቢያችን የመጣችው ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ የከብት ቆጠራ አዘዋት ነው። ቆጠራውን ጨርሳ ውሃ እየጠጣች እህቴ ስለ ጥጆቹ አነሣችባት። ሰው ሁሉ እስከዚያ ቀን ድረስ «ጥጃውን ምን አበላችሁት?» እያለ ነበር የሚጠይቀን። እርሷ ግን ብርጭቆውን አስቀምጣ «እትዬ፣ ከመወለዱ በፊት እናቱን ምን አድርጋችኋት ነበር?» አለች።

እንደ እኔ ላሉት ላልተማሩት በሚገባ ቋንቋም አስረዳችን። ጥጃ ሲወለድ ደሙ ውስጥ በሽታ የሚመክትበት ነገር ይዞ አይመጣም። የሚያገኘው ከእናቱ እንገር፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ወፍራም ቢጫ ወተት ነው። ላሟ ልትወልድ ስድስት ሳምንት ያህል ሲቀራት አንዴ፣ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ደግሞ አንዴ ብትከተብ፣ ያንን የጥጃ ገዳይ ባክቴሪያ የሚመክተውን ሰውነቷ ሠርቶ እንገሯ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ጥጃው በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እስኪጠግብ ከጠባ ይወርሰዋል፤ ቀኑ ካለፈ ግን አንጀቱ በሩን ስለሚዘጋ ቢጠባም ወተት ጠጣ እንጂ ሌላ አላገኘም። እህቴ ይህን ሁሉ ሰምታ «እንግዲያ ስንቁ በእናቱ በኩል ነው የሚላክለት በይኛ» አለች። ባለሙያዋም «አዎ እትዬ፣ ግን ስንቁ አስቀድሞ መቋጠር አለበት» አለቻት።

እዚህ ላይ፣ ነገሩን ሁሉ በክቡርነትዎ ትከሻ ላይ ላለመጫን፣ የራሳችንንም ልናዘዝ። እህቴ ያንን ወፍራም ወተት ለጨቅላ ሆድ ይከብዳል እያለች አልባ መሬት ላይ ስትደፋው ኖራለች። በዚያን ቀን ይህን ስታውቀው ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ባለሙያዋ አልተቆጣቻትም፤ አጠገቧ ተቀምጣ «ማን ነግሮሽ፣ እትዬ?» ብቻ አለቻት። እኔ ይህን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ማን ነግሯት? የሚነግራት መሥሪያ ቤት፣ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ከቤታችን በእግር የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ አለ።

፫. ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ቅጽ ፲፬/ለ ነው። ክትባቱ በመጋዘንዎ ማቀዝቀዣ ውስጥ አርባ ልክ፣ ማለትም ለአርባ መርፌ የሚበቃ፣ እንደተቀመጠ ከባለሙያዋ ሰምቼ፣ ኩሪት የተባለችው ላማችን ልትወልድ አሥር ሳምንት ሲቀራት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። የመጋዘን ሠራተኛዎ፣ እኛ ባለጉዳዮች አቶ ነገ የምንላቸው፣ መድኃኒቱ መኖሩን አልደበቁኝም፤ «መድኃኒቱ አለ፤ ፈቃዱ ነው የሌለው» ብለው ቅጹን ሰጡኝ። ቅጹ በሦስተኛው መስመር ላይ «ከበሽታው የሚጠበቀው እንስሳ ዕድሜና የጆሮ ቁጥር» ይላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቅጽ ስሞላ የኖርኩ ነኝ፤ መዋሸት አልወድም፤ «ገና አልተወለደም» ብዬ ሞላሁት። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ በቀይ እስክሪብቶ «ይወለድና በአካል ይቅረብ» ተብሎበት፣ ከሥሩም የክቡርነትዎ ውብ ፊርማ አርፎበት ተመለሰልኝ።

በአግዳሚው ወንበር ላይ አራት ቀን ከቆየሁ በኋላ በአምስተኛው ቀን ራስዎ ተቀብለው አነጋገሩኝ፤ ይህን አልረሳም። «የሚታመመው ጥጃው፣ የምትወጋው እናቲቱ፤ ይሄ እንዴት ያለ ነገር ነው? የአንዱን መድኃኒት ለሌላው መስጠት የንብረት ብክነት ነው» አሉኝ። እኔም የምታጠባ እናት በልታ ሕፃኑ ሲወፍር በዓይኔ ስላየሁ፣ ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አልመሰለኝም ነበር፤ ነገር ግን እናቲቱ ስትበላ የተጠቃሚው ሕፃን የጆሮ ቁጥር ተመዝግቦ እንደነበር ማረጋገጫ ስላልነበረኝ ተሰናብቼ ወጣሁ።

፬. አራተኛ፣ ስለ ማቀዝቀዣው። በሩ ላይ «ከክትባት በቀር ምንም አይቀመጥበት» ተብሎ ተጽፏል፤ አቶ ነገ ሲከፍቱት ግን ክትባቱ በአሥራ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥና በአንድ የምሳ ዕቃ ተከቦ አየሁት፤ ብቻውን እንዳይሰለቸው ስላሰቡለት አመሰግናለሁ።

፭. አምስተኛው ስለ ዐውደ ጥናቱ ነው። ቅጹን በተለያየ አሞላል ሦስት ጊዜ ካስገባሁ በኋላ፣ ጉዳዩ ለውሳኔ ቀርቦልዎ እንደነበር ጸሐፊዎ በጎ ፈቃዳቸው ሆኖ ነገሩኝ። ኩሪት ልትወልድ በዚያን ጊዜ አምስት ሳምንት ቀርቷት ነበር፤ ስድስተኛው ሳምንት ቢያልፍም ባለሙያዋ «አሁንም ከደረስን ይሻላል» ብላናለች። ሆኖም በዚያው ሳምንት የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ፣ አቶ ነገም ከነቁልፋቸው፣ «የጨቅላ ጥጆችን ሞት እንግታ» በሚል መሪ ቃል ለስድስት ቀን ስብሰባ ሄዱ። መሪ ቃሉ የተጻፈበት ጨርቅ አጥርዎ ላይ ተሰቅሎ ስለነበር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጥጃ ተስሎበታል፤ ወፈር ያለ፣ ጆሮው ላይ ቁጥር ያለው ጥጃ።

ክቡርነትዎም ከስብሰባው መልስ የዓመት ፈቃድ ወጡ። ምትክ የተደረጉት ሰው የመፈረም ሥልጣን ስላልነበራቸው በቅንነት «እኔ እዚህ ወንበሩን ነው የምጠብቀው» አሉኝ። እኔም ወደ በረት ሄጄ ኩሪት ክቡርነትዎ እስኪመለሱ ድረስ እንድትታገሥ ባስረዳት ምንኛ በወደድኩ፤ ነገር ግን ላም ናትና የሥራ ሰዓት አታውቅም። ሐሙስ ጠዋት ወለደች።

ጥጃዋ ቀይ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ሴት ነበረች። እህቴ በዚህ ጊዜ አንድ ጠብታ አልደፋችም፤ ጥጃዋ ገና እግሯን ሳታጸና ደግፋ ወደ ጡት አስጠጋቻት፣ እስክትጠግብ ስንቴ እንደጠባች ቆጠረች፣ መኝታዋን በቀን ሦስት ጊዜ በደረቅ ገለባ ቀየረች። የሚቻለንን አድርገናል። ስንቁ ግን አልተቋጠረላትም ነበርና ቅዳሜ ጠዋት ጥጃዋ ጥግ ይዛ ተኛች። እሑድ እኩለ ቀን ላይ ሞተች። ሰኞ ከምሳ በፊት የጽሕፈት ቤትዎ ተላላኪ በሩን አንኳኩቶ ደብዳቤ ሰጠኝ፤ «ኩሪት የተባለችው ላም ከመውለዷ ስድስት ሳምንት በፊት እንድትከተብ የተፈቀደ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። እህቴ እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ አነበብኩላት፤ እንደገና አንብብልኝ አለችኝ፤ አነበብኩላት። ከዚያ «አደራህን አመስግንልኝ» አለች። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው በእርሷ አደራ ነው። ፈቃዱ ለሌሎቹ ላሞች ይሆን እንደሆነም አቶ ነገን ጠይቄ ነበር፤ «ስሙ የሷ ነው» አሉኝ።

፮. ስድስተኛውና ትልቁ ምስጋናዬ፣ ሳያነቡ ስለመፈረምዎ ነው።

ባለሙያዋ የኩሪትን ጥጃ ወሬ ሰምታ በማግስቱ መጣች። በረቱ በር ላይ ቆማ ገለባውን አየች፣ እህቴን አየች። «የቀሩት መቼ መቼ ነው የሚወልዱት?» ብላ ጠይቃ አምስቱንም በእጇ እየዳሰሰች በደብተሯ ጻፈች። አንዷ ስድስት ሳምንት፣ ሁለቱ ሰባት፣ ሁለቱ ስምንት ሳምንት ያህል ቀርቷቸው ነበር። የጎረቤታችን የአናጢው ሁለት ላሞችም ተጨመሩ። ከዚያ ቅጽ ፲፬/ለን በሰባት ቅጂ ሞላች። በሦስተኛው መስመር ላይ የላሞቹን የራሳቸውን ዕድሜና የጆሮ ቁጥር አስገባች፤ በምክንያቱ መስመር ላይ «ለእንገሩ» ብላ ጻፈች። ውሸት የለበትም፤ የተሰወረም የለበትም። ሰባቱን ቅጽ ለፊርማዎ በሚቀርበው ክምር ውስጥ፣ በመጋረጃ ግዢ ሰነድና በዐውደ ጥናቱ የምስክር ወረቀቶች መካከል አስገባችው፤ ክቡርነትዎም በአንድ ብዕር፣ በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ፈረሙ። ያንን ፊርማ ከአሁን በፊት በቀይ አይቼው አውቃለሁ፤ በሰማያዊ ግን የበለጠ ያምራል።

ላሞቹ በየጊዜያቸው ተከተቡ፤ ሊወልዱ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸውም ተደገመላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ለእኔ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያዋ፣ ዝምታ የምንላት ላም፣ ዝናብ በሚያካፋበት ጠዋት ወለደች። እህቴ ጥጃው እስኪጠግብ ድረስ እንገሩን አጠባችው። ከዚያ አንድ ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ይዛ በረቱ ውስጥ ተቀመጠች። ሁለተኛው ቀን አለፈ። ሦስተኛው ቀን አለፈ። እኔ ወሬ ልጀምር ስል «ዝም በል፣ አታሟርት» ትለኛለች። በአራተኛው ቀን ምሳ ላይ ስጠራት አልመጣችም፤ ሄጄ ባይ ጥጃው የቀሚሷን ጠርዝ አፉ ውስጥ አስገብቶ እየጎተተ፣ እርሷ ደግሞ «ተው እንጂ አንተ ባለጌ፣ ሌላ የለኝም» እያለች ስትሰድበው አገኘኋት። ዓመት ከመንፈቅ ያልሰማሁት ሳቅ ነው የሰማሁት። ለምሳ አልጠራኋትም፤ ምግቡን እዚያው አመጣሁላት።

ሰባቱም በሕይወት አሉ፣ ክቡር ሆይ። አንዱ የአናጢው ጥጃ በሦስተኛ ቀኑ ሆዱ ላላ ብሎ አስደንግጦን ነበር። ባለሙያዋ በእረፍት ቀኗ መጥታ አየችው፣ የጨውና የስኳሩን ውሃ መጠን አሳየችን፣ በማግስቱ ጭራውን ቀስሮ ሲሮጥ አየነው። ክትባት ተአምር ነው አላለችንም፤ «ንጹሕ መኝታና ጠግቦ መጥባት ካልታከለበት ብቻውን አይበቃም» ነው ያለችን። ስትናገር ሁልጊዜ እንዲህ ናት፤ ከምታውቀው በላይ አትጨምርም።

፯. ሰባተኛ፣ ለዚህ ሥራዋ ስለሰጧት ሽልማት። «ያልታመሙ እንስሳትን በመከተብና ላልተመዘገቡ ተጠቃሚዎች የመንግሥት ንብረት በማዋል» ተከሳ፣ ሞተር ብስክሌቷንና የበረዶ ሳጥኗን አስረክባ ወደ መዝገብ ቤት መዛወሯን ሰማሁ። ያልታመመ እንስሳ መከተብ ጥፋት መሆኑን እስከዛሬ ባለማወቄ እጅግ አዝናለሁ፤ እኔ ክትባት ማለት ከሕመም በፊት የሚሰጥ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሥራ አራቱ ልክ ብክነት ተብሏል። የቀሩት ሃያ ስድስቱ ደግሞ ጊዜያቸው ሊያልፍ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ቀርቷቸው፣ ከለስላሳዎቹ ጋር በክብር ተቀምጠዋል፤ እነርሱ ቁጠባ መሆናቸው ነው።

ባለፈው ረቡዕ ላያት ሄጄ ነበር። መዝገብ ቤቱ ከደረጃው ሥር ነው፤ አንድ አምፖል፣ አንድ ጠረጴዛና እስከ ጣራ የተቆለለ ፋይል አለው። ሽንጧን አጉብጣ በወፍራም መርፌ ፋይል ትሰፋ ነበር። ሰላምታ ከተሰጣጣን በኋላ «ጋሼ፣ እስቲ ይሄን እዩልኝ» ብላ አንድ ክምር አሳየችኝ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ከከብት አርቢዎች የመጡና «የጆሮ ቁጥር የለውም» ተብለው የተመለሱ አቤቱታዎች ናቸው። ሌላ ሥራ ስላልተሰጣት በየወራቸው እየለየች ሰፍታቸዋለች። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ያሉትን የሞቱ ጥጆች በእርሳስ ቆጥራ ከሽፋኑ ላይ ድምሩን ጽፋለች፤ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት። «እስካሁን አንድም አልተወለደም ነበር፤ አሁን ቢያንስ ሞተዋል» አለችኝ። አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም። ከወረቀቶቹ መካከል ዘጠኙ በእኔ የጽሕፈት መኪና የተጻፉ ናቸው፤ «ጠ»ዋ እግሯ የተሰበረ ስለሆነ አውቃታለሁ። ለሌላ ሰው ጽፌ፣ ሰውየው መልስ አግኝቶ ይሆናል ብዬ ረስቼው የነበረ ነው። ከደረጃው ሥር ወጥቼ ብዙ ከተራመድኩ በኋላ ነው ባርኔጣዬን እጄ ላይ እንደያዝኩ ያስተዋልኩት።

ስለዚህ፣ ከምስጋናዬ ጋር አያይዤ ጥቂት ትሕትና የተሞላበት ልመና ላቅርብ። ሰኞ ጠዋት ባለሙያዋ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንደምትቀርብ ሰምተናል። እኔ፣ እህቴ፣ አናጢውና ሌሎች ሃያ ሁለት ከብት አርቢዎች በምስክርነት ለመቅረብ አስበናል፤ አዳራሹ ጠባብ መሆኑን ስለምናውቅ በግቢው ውስጥ በሥርዓት እንቆማለን። ያ ክምርም፣ መዝገብ ቤቱ የራስዎ መሥሪያ ቤት በመሆኑ፣ በመዝገብነቱ ከኮሚቴው ፊት እንዲቀርብ በጽሑፍ አመልክተናል። ቅጹ «የሚከተበው እንስሳ» ተብሎ እንዲታረም፣ ባለሙያዋ ወደ ሞተር ብስክሌቷ እንድትመለስ፣ የቀሩት ሃያ ስድስት ልኮችም ከመበላሸታቸው በፊት እናት ላሞችን እንዲያገኙ እንለምናለን። የጽሕፈት መኪናዬን ከሣጥኑ አውጥቼ ዘይት ቀብቼዋለሁ፤ ዓይኔም ቢሆን የደከመ መስሎኝ ነው እንጂ ለዚህ ጉዳይ በደንብ ያያል።

ላጠፋሁት ጊዜዎ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ስብሰባዎ እንዲያጥር፣ ፊርማዎም ከሚያርፍበት ወረቀት ጋር አንድ ቀን እንዲተዋወቅ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በማይናወጽ ትሕትና እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ቅጾች ታማኝ አንባቢ፣
የቀድሞው ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
– ለዲሲፕሊን ኮሚቴ
– ለመዝገብ ቤት፤ እዚያ ያለችው ሠራተኛ ሳትሰፋው በፊት እንድታነበው
– ለእህቴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ከጨረስኩ በኋላ የተከበሩት ባለቤትዎ በጓሮ በር በኩል መጥተው ከእህቴ ጋር ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ባለፈው ዓመት ሁለት ጥጆች ሞተውባቸው ክቡርነትዎ «ብርድ ነው» እንዳሏቸው አጫወቱን። የቤትዎ ላም ልትወልድ ስድስት ሳምንት ከሁለት ቀን ቀርቷታል፤ የእኛዎቹን የከተበችው ማን እንደሆነች ጠየቁን፤ ከደረጃው ሥር ፋይል እየሰፋች እንደሆነ ነገርናቸው። ክቡርነትዎ በክትባቱ ላይ ያለዎትን አቋምም በታማኝነት አስረዳኋቸው። ባለቤትዎ ግን «ላሟ የኔ ናት፤ እሱን ለኔ ተዉት» ብለው ተነሡ። መልስዎን ለእኔ በጽሑፍ ለመስጠት እንዳይቸገሩ፤ ዛሬ ከራት በፊት ለእርሳቸው በቃል እንደሚሰጧቸው ነግረውኛል።